የምንጭ ውሃ ለእንግዳ

ልጅ እያለሁ ክረምት ለጓደኞቼ በአወቱ ወንዝ ዳር ጭቃ ማቡካት ነበር፤ ለእኔ ግን የሰው አገር ጭቃ ነበር። አስተማሪዋ እናቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማረፍ አታውቅበትም። ለበጎ ፈቃድ ትመዘገብና እኔን አንጠልጥላ ከጅማ ወደ ገጠር ትወጣለች። አባቴ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያለ ያሾፍባት ነበር።

አንድ ክረምት ያረፍነው በአንድ የቡና ገበሬ ቤት ነበር። ኑሪያ የምትባል የእኔ እኩያ ልጅ ነበረቻቸው። ሥጋው ቢለያየንም ወተቱና የተጠበሰው እሸት በቆሎ አላለያየንም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ደጃፉ ላይ ቅልብልቦሽ እንጫወታለን፤ እሷ በኦሮምኛ ስታጭበረብር እኔ በአማርኛ እጮሃለሁ። እስካሁን እርጥብ እንጨት ሲጨስ ከሸተተኝ የእነሱ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

እናቴ የሄደችው በቡና ለቀማ ጊዜ ከትምህርት የቀሩትን ልጆች ልታስተምር ነበር። ክረምቱን የተከታተለ አምስተኛ ክፍል ይገባል፤ የቀረ አራተኛን ይደግማል። ኑሪያም ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነበረች። የመጀመሪያውን ቀን አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ አላየኋትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ በክረምት የሚጠጣው ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ነበር። ለእንግዳ፣ እነሱ እንደሚሉት ለ«ኬሱማ»፣ የጣሪያ ውሃ ማቅረብ ግን ነውር ነው። እኛ የምንጠጣውም የምንታጠብበትም ከቡናው ጫካ ግርጌ ካለው ምንጭ፣ ያውም ጠዋት ሳይደፈርስ መቀዳት ነበረበት። እኛ ክፍል ውስጥ ማባዣ በጩኸት ስንሸመድድ ኑሪያ ጀሪካን አዝላ የሚያንሸራትተውን አቀበት ትወጣለች። አንዳንዴ መስኮቱ ጋ ቆም ብላ ታዳምጣለች፤ እናቷ ሲጣሩ ትሮጣለች። የልጅ ነገር ሆኖ እኔ ከትምህርት በመቅረቷ እቀናባት ነበር።

እናቴ አንድ ቀን «ኑሪያ ምነው ጠፋች?» ብላ ጠየቀች። የኑሪያ እናት ሳቅ ብለው «ቲቸር፣ እርስዎ አይጨነቁ። ሥራ ይዛ ነው፤ ነገ ትመጣለች ኢንሻአላህ» አሏት። ለእንግዳ «በእርስዎ ምክንያት ነው» ይባላል እንዴ? እናቴም ስትደክም ውላ በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ እግሯን እየታጠበች «ተባረኩ» ትላቸዋለች። ልታስተምራት መጥታ ከትምህርት ያስቀረቻት እሷው መሆኗን ሳታውቅ ክረምቱ አለቀ። ኑሪያ አራተኛን ደገመች፤ የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ጨርሳ ተወችው። እኔ ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ከገባኝ ጀምሮ ግን አልለቀቀኝም።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። የእናቴ አመል ተጋብቶብኝ ባለፈው ክረምት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪዎች ጋር ወደዚያው መንደር ሄድኩ። ኑሪያ ስታየኝ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከእሷ ቤት ሌላ እንዳላርፍም ማለችብኝ። ቂም ቢኖራት ይቀለኝ ነበር።

አሁን መንደሩ ቧንቧ ገብቶለታል፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። በማግስቱ ጠዋት ጠፋ። የኑሪያ ልጅ ጀሪካኑን ልታነሳ ስትል እናቷ ነጠቀቻት።

«ሂጂ፣ ክፍልሽ ግቢ! እንግዳዋ የእኔ ናት።»

ተሽቀዳድሜ የጀሪካኑን እጀታ ያዝኩ። «ኑሪያ፣ በፈጠረሽ፣ የዛሬውን እንኳ እኔ ልቅዳ» አልኳት።

«ወላሂ አይሆንም! ኬሱማ ውሃ ስትቀዳ ጎረቤት ቢያይ ምን ይለኛል? ደግሞስ ልጄን ማን ሊያስተምራት ነው? ሂጂ እንጂ፣ እንዳታረፍጂባት።»

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ባለማወቅ ይታለፍልኛል። አሁን ግን እያወቅሁ፣ እሷ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ምንጩ ስትወርድ እኔ ወደ ክፍል ወጣሁ። ልጇ ደብተሯን ከፍታ፣ ከፊት ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር።