ተራ የሌለበት ዕቅድ

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አስተማርሁ ብል የሚያምነኝ የለም። የቤቴ ሰዎችም አላመኑኝም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ አንድ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ይህንንም የምጽፈው እየተነሳሁ እየተቀመጥሁ፣ ደጅ እየወጣሁ እየተመለስሁ ነው። ግን አስተምሬአለሁ። አራት ቅዳሜ።

ሥራዬ በቅሎ ማከራየት ነው። እንግዳ ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ፣ ወይም በእግር መንገዱ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲሻገር፣ በቅሎዬን ጭኜ ልጓሙን ይዤ አደርሳለሁ። የበቅሎ ባለቤቶች ብዙ ነን፤ በተራ ነው የምንሠራ። ጠዋት ተራው የደረሰው ይወጣል፣ የወጣው ኋላ ይሰለፋል። እንግዳ መጥቶ ያችን ነጯን ስጡኝ ቢል አይሰማም። ሰው ሲሞትም ተራው ከቤቱ አይወጣም፤ ሚስቱ ወይም ልጁ ይይዙታል። ይህን የማስከብር እኔ ነኝ። ተራ አስከባሪ ይሉኛል፣ ሲናደዱ ደግሞ ሌላ ስም ያወጡልኛል።

እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ተራ የሚደርሰው ቆይቶ ቆይቶ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ተራ ማጣት ቀላል አይደለም። ከመካከላችን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች። በቅሎዋን ጅብ አንድ ጆሮዋን ቆርጦባታል፤ አካሄዷ ግን እንደ ውሃ ነው። ሴትዮዋ የምታርሰው መሬት የላት፣ ሌላ ገቢ የላት፣ ያለቻት በቅሎዋና ተራዋ ናት።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት መቆሚያችን ድረስ መጣች። የምታስተምረው ሥራ ፈጠራና የንግድ ዕቅድ የሚሉትን ነው።

«ተማሪዎቼ ከወረቀት ብቻ ነው የሚማሩት» አለችኝ። «ገበያውን የኖረበት ሰው እፈልጋለሁ። እርስዎ የታወቁ ሥራ ፈጣሪ ነዎት አሉኝ።»

«ፈጣሪስ አንድ ነው ልጄ። እኔ በቅሎ ነው የማከራይ።»

ጓደኞቼ ሳቁ። አንዱማ «ሂድ እንጂ ሰውዬ! እኛን ስትጨቀጭቅ ከምትውል እነሱን ጨቅጭቃቸው፤ እኛም ትንሽ እንረፍ» አለኝ። በእልህ ሄድሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወንበር ሰጡኝ፣ አልቀመጥም አልሁ። ቆሜ ካልሆነ አፌ አይፈታም። የማውቀውን ነገርኋቸው። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን አትዩ፣ ጫማውን እዩ፤ ጫማው ነው ዳገቱን ይችል አይችል የሚናገረው። በቅሎህን አስቀድመህ አታሞግስ፤ ገደሉን አስቀድመህ ንገረው፣ ኋላ እንዳይሰድብህ። አንዱ ልጅ እየጻፈ «ታርጌት ከስተመር ማለት ነው» አለ። «እኔ ያልሁት ጫማ ነው» አልሁት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን አልቀለድሁም ነበር።

ከዚያ በቡድን ተከፋፍለው የየራሳቸውን ዕቅድ እንዲያወጡ መምህርቷ አዘዘች። በመጨረሻ ዳኞች ይመጣሉ፤ ያለፈው ቡድን ለአንድ ዓመት መሥሪያ ክፍልና ድጋፍ ያገኛል። አንደኛው ቡድን የኛን የበቅሎ ሥራ መረጠ። መሪያቸው ከኮን የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ቃል ከአፍ የምትነጥቅ። ወንድሟ ተመርቆ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጧል፤ እሷ እንደዚያ ላለመሆን ነው ሩጫዋ ሁሉ። ዕቅዱ ዳኞች ፊት እንዲቀርብ ደግሞ የበቅሎ ባለቤቶች ስምምነት ያስፈልገዋል። ለሁሉም የምፈርም እኔው ነኝ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ወረቀቱን አመጡልኝ። ቆሜ፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሁ አነበብሁ። ከላይ በደማቁ እንዲህ ይላል፦ «ከተራ አገልግሎት ወደ ልዩ አገልግሎት።»

ደሜ ፈላ።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አልኋቸው። «ተራውን ማን አፍርሱ አላችሁ? አባቶቻችን ሳይጣሉ የኖሩበትን እናንተ ትናንት መጥታችሁ ከተራ ወደ ልዩ! ልዩው ማነው? ማነው ከሰው በልጦ ልዩ የሚሆን?»

መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። የኮኗ ልጅ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጠጋ አለችኝ።

«አባቴ፣ እዚህ ላይ ተራ ማለት እኮ ወረፋ አይደለም። ተራ ነገር ሲባል አልሰሙም? እንደ ነገሩ የሆነ፣ መናኛ ማለት ነው። አገልግሎቱ ይሻሻል ነው ያልነው።»

ጆሮዬ ጋለ። ሳልወድ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። መምህርቷ እንኳ ሳቋን ልትደብቅ ወደ መስኮቱ ዞራ ከንፈሯን ነከሰች። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ብሎ ዝም ይል ነበር። እኔ አልሆነልኝም።

«ደግ» አልሁ። «የእናንተ ተራ መናኛ ይሁን። የኔው ተራ ታዲያ የት አለ? አሳዩኝ።»

ልጅቱ ገጹን ገለጠች። ደግማ ገለጠች። ወደ ኋላ ተመለሰች።

«እንግዳው በስልኩ የበቅሎዎቹን ፎቶ አይቶ ይመርጣል» አለች ቀስ ብላ።

«ያልተመረጠውስ?»

«ያልተመረጠው... በቅሎውን ያሳምራል። ይወዳደራል።»

«ጆሮም ያበቅላል?»

አልገባቸውም። ስለ ሴትዮዋና ስለ በቅሎዋ ነገርኋቸው። ቃሉን ተሳስቼ ነበር፤ ነገሩን ግን አልተሳሳትሁም። ልጅቱም አልተረታችም። «አባቴ፣ ሳይሞከር አይታወቅም» አለች። «ምናልባት እንግዳ ጆሮ ላይ አያተኩርም። አንድ ቀን ሞክረን እንይ፣ ከዚያ አይሆንም ይበሉ።» ነገሯ ልክ ነው። እሺ አልሁ። እሺ ካልሁበት ሰዓት ጀምሮ ግን ዕረፍት አጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ መቆሚያው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል በቅሎዎቹ ራሳቸው እኔን ማየት ሰለቻቸው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ትምህርቱ መቆሚያችን ላይ ሆነ። ልጆቹ በቅሎዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሱ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች አሸተን ሊወጡ ተሰብስበው ነበር፤ ስልኩን ተቀባብለው እየተሳሳቁ መረጡ። መጀመሪያ የተመረጠችው የኔ በቅሎ ናት። ውሸት አልናገርም፣ ደስ አለኝ። ደረቴ ሁሉ ነፋ ብሎ ነበር። ከዚያ ቀዩዋ፣ ከዚያ ዳለቻዋ፣ እያለ ሄደ። የሴትዮዋ በቅሎ ተጭና ቆማ ቀረች። አንዷ እንግዳ ፎቶዋን አይታ «ውይ፣ ይቺ ምን ሆና ነው?» ብላ በጣቷ ወደ ሌላው አሳለፈቻት። አለቀ፤ ይኸው ነው።

በዚያ ቀን የመጀመሪያው ተራ የሴትዮዋ ነበር።

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ከበቅሎዋ ዐይን ዝንብ እያባረረች ወደኔ ዞረች።

«አያዬ፣ ዛሬ ተራው የማን ነበር?»

እኔ ተራ አስከባሪው፣ የተመረጠችውን በቅሎዬን ልጓም ይዣለሁ፤ እንግዳዬ ኮርቻው ላይ ተደላድሎ «እንሂድ እንጂ አባት» ይለኛል። ልጓሙን ሳብሁ። ሄድሁ። ዳገቱን ሁሉ እንግዳው ሲጠይቀኝ ምን እንደመለስሁለት አላውቅም። አቁሜ ልመለስ እላለሁ፣ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ መመለስ ደግሞ ነውር ነው እላለሁ። ሰውዬው «አባት፣ ምነው ሮጡብኝ?» እስኪል ድረስ መሮጤን አላወቅሁም።

ስመለስ ልጅቱ ወረቀቷን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው።

«አልፈርምም» አልኋት። «ተራው ከሌለበት አልፈርምም። እንግዳው ቀኑን ይምረጥ፣ መንገዱን ይምረጥ። በቅሎውን ተራው ይመርጥለታል።»

«ደንበኛው ካልመረጠ ፈጠራው ምኑ ላይ ነው አባቴ? ዳኞቹ እኮ ይጥሉናል!»

«አይተሻታል ወይስ አላየሻትም?»

ሴትዮዋ ያን ጊዜ ገና በቅሎዋን አላራገፈችም ነበር፤ ምናልባት ዘግይቶ የሚመጣ እንግዳ ቢኖር ብላ። ልጅቱ አየቻት። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፤ ደህና ዋሉ ሳትለኝም ሄደች። በሳምንቱ፣ በአራተኛው ቅዳሜ፣ ስትመጣ ዕቅዱ ተቀይሯል። እንግዳው በስልክ ይመዘገባል፣ ስልኩም ተረኛዋን በቅሎ ይሰጠዋል። ከታች ስሜን ጻፍሁ፤ አንዱ ፊደል ተወላገደ። የማስተማሩ ነገር በዚሁ አበቃ።

ዳኞቹ የመጡ ዕለት እኔም ተጠርቼ ከኋላ ቆሜአለሁ። ልጅቱ ጥሩ አድርጋ ተናገረች። አንደኛው ዳኛ መነጽሩን አውርዶ «ደንበኛው የማይመርጥ ከሆነ፣ በስልክ መሆኑ ከድሮው ምን ለየው?» አላት።

«መጀመሪያ ይመርጣል ብለን ነበር» አለች። «ሞከርነው። ተራዋ የነበረች ሴት ቆማ ዋለች። ስለዚህ ቀየርነው።»

«የበጎ አድራጎት ዕቅድ አይደለም እኮ የጠየቅናችሁ» አላት። ልናገር ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ መምህርቷ በዐይኗ ያዘችኝ። ያን ዕለት ዶሮ ለማርባት ያቀደው ቡድን አለፈ። የኛዎቹ ወደቁ።

ደጅ ላይ አገኘኋት። ላጽናናት አልሄድሁም፣ ማጽናናት አልችልበትም። ግን ሳላያት መሄድ አልቻልሁም።

«ደስ አለዎት?» አለችኝ።

«አላለኝም።»

«ወንድሜ ኮን ቁጭ ብሏል። አሁን እኔም ሄጄ አጠገቡ መቀመጤ ነው።»

«እኔ ነኝ ያስጣልሁሽ» አልኋት። «ነገም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርግ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም የቀየርሁት እርስዎን ፈርቼ አይደለም። ግን ያናድደኛል። ልናደድ ይተዉኝ።» ፊቷን አዙራ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ተውኋት።

ሰኞ ጠዋት ተራው የሴትዮዋ ደረሰ። አንድ ወፍራም እንግዳ መጣ፤ የበቅሎዋን የተቆረጠ ጆሮ አየት አድርጎ ኮርቻው ላይ ወጣ። ሴትዮዋ እርካቡን እያስተካከለችለት ቀና አለች።

«አያዬ፣ እነዚያ ልጆች እንዴት ሆኑ? አለፉ?»

በእሷ ምክንያት ወደቁ ልላት ነው? አለፉ ብዬ ልዋሻት ነው?

«ኮርቻው ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፣ አጥብቂው» አልኋት።

አጠበቀችው። ዳገቱን ጀመሩ። እኔ የቀሩትን በቅሎዎች ልቆጥር ዞርሁ፣ ቁጥሩን ከመሃል ሳትሁና እንደገና ጀመርሁ።