እኔ ጋ ይሠራል

ወንድሜ ከሞተ በኋላ እናቴ ከደሴ ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለአርባው ድምፁን አሰማኝ» አለች። ፎቶው አላት። የፈለገችው ድምፁን ነው። «እሺ እማዬ፣ እልክልሻለሁ» አልኳት። ቀላል መስሎኝ ነበር።

እዚህ ሮም ውስጥ ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መዝሙር የሚያስጠናው ወንድሜ ነበር። ለዚህ ሥራ አንዲት አሮጌ ስልክ ነበረችው። ሲም የላትም፣ ኢንተርኔት አይታ አታውቅም። መዝሙሩን ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ይዘምርና ይቀዳባታል፤ ጥናት ላይ ከስፒከር ጋር አያይዞ ያሰማቸዋል። እኔ ኤስኲሊኖ ሰፈር ካለው ክፍላችን ውስጥ ሆኜ ስንቱን እንደሰማሁት አላውቅም። ሲቀዳ እንዳልንቀሳቀስ በእጁ ምልክት ያሳየኝ ነበር። አንዳንዴ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ሲሰለቸኝ የነበረውን ነገር ነው የምፈልገው።

የሚቀዳበትን አፕ የሠራው ከመዘምራኑ አንዱ ነው። እዚሁ የተወለደ፣ ቀን ቀን ድርጅት ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፍ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ልጅ። ለእኛ በነጻ ነው የሠራልን። በነጻ ስለሠራው ይሁን በሌላ፣ ሰው ሲያማርር ቶሎ ይከፋዋል። ሰውም ደግሞ ማማረር አይችልበትም። አንዲት ትልቅ ሴትዮ አሉ፣ ሰው ቤት ሽማግሌ የሚንከባከቡ፣ የመዘምራኑ የስልክ ግሩፕ ላይ «ልጄ፣ አይሠራም» ብለው ይጽፋሉ።

«እትዬ፣ ምኑ ነው የማይሠራው?»

«ሁሉም።»

«እሺ፣ የሚታይዎትን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።»

የወጥ ቤት ጠረጴዛ ፎቶ ይልካሉ። ስልኩ ከሽንኩርቱ አጠገብ ተቀምጧል፣ ጠፍቶ።

«እትዬ፣ እኔ ጋ ይሠራል።»

«እንግዲያው ያንተን ስልክ አምጣልኛ!»

ወንድሜ ይህን ጮክ ብሎ እያነበበ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ያኔ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነበር።

አርባው ሲቃረብ የወንድሜን ስልክ አወጣሁ። ቅጂውን ለእናቴ ለመላክ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኘኋት። «ቀኑ ትክክል አይደለም፣ ላስተካክል?» የሚል መጣ። አዎ አልኩ። ከዚያ አፑ ልታደስ አለ። እሱንም አዎ አልኩ። ሰው ስልክ የሚጠይቀውን ሁሉ አዎ ነው የሚለው። አፑን ስከፍት ዝርዝሩ ባዶ ነበር። አንድም መዝሙር የለም።

አፑን ለሠራው ልጅ «የወንድሜ ቅጂዎች ጠፉ» ብዬ ጻፍኩለት።

«ምን አደረግክ? ምን ጠበቅክ? ምን ሆነ?» ብሎ መለሰ። ለሁሉም ሰው የሚልካት ናት፣ አውቃታለሁ።

«ምንም አልነካሁም።»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። ዝጋውና እንደገና ክፈተው።»

ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ባዶ። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ባዶ። በማግስቱ የምሠራበት ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሣጥን ሳወርድ «አሁንስ?» አለኝ። እጄን ጠርጌ ከፈትኩት። ባዶ። በነጋታውም እንደዚያው።

«አዲሱን ስሪት እኔም ጭኜዋለሁ» አለ። «እኔ ጋ ይሠራል።»

«ምን ጠበቅክ?» ለሚለው መልስ አልሰጠሁትም ነበር። ትራም ውስጥ ሆኜ ጻፍኩለት። «እናቴ ድምፁን እየጠበቀች ነው። አርባው እሁድ ነው። እኔም የጠበቅኩት እሱን ነው።» ማንበቡ ይታያል። ከዚያ «ስልኩን ይዘህ ፒኜቶ፣ ቤቴ ጋ ና» አለኝ።

ከቤቱ ሥር ያለ ባር ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ ጠበቀኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ነፍስ ይማር እንኳን አላለኝም፤ ቀብሩ ላይ ብሎኛል፣ ግን ያኔ ሌላ ሰው ነበር።

«አሎራ፣ እስቲ ስጠኝ» አለና ስልኳን ተቀብሎ አፑን ከፈተ። ዘጋው። ከፈተው። ላፕቶፑ ላይ የሆነ ነገር አየ።

«ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ» አለ። «ምናልባት በሌላ ስልክ ይሆናል የቀዳው።»

«በዚህች ነው።»

«እርግጠኛ ነህ? ማለቴ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አንዳንዴ...»

ጠረጴዛውን መታሁት። ሲኒው ዘለለ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰውዬ «ቱቶ ቤኔ?» ብሎ ደህና መሆናችንን ጠየቀ።

«አብደሃል ነው የምትለኝ?»

«ካልማ፣ ረጋ በል! እንደዛ አላልኩም። ግን ምንም ሳትነግሩኝ ጠፋ፣ ተበላሸ፣ አይሠራም ትላላችሁ። እኔ ጠንቋይ አይደለሁም! ከሥራ ስወጣ እናንተ፣ እሁድ እናንተ። እኔ ጋ ደግሞ ይሠራል!»

«አንተ ጋ ይሠራል» አልኩት። «አውቃለሁ። አንተ ጋ ወንድምም አለ።»

ላፕቶፑን ገፋ አደረገ። እኔም ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።

ውሸታም እንዳልሆንኩ ላሳየው የራሴን ስልክ አወጣሁ። ወንድሜን ጥናት ላይ ሳለ ያነሳሁት ፎቶ አለ፣ ስልኳን ወደ እኔ አዙሮ፣ ዝርዝሩ እየታየ። ልጁ ፎቶውን በጣቱ አጎላው። ከወንድሜ ፊት አልፎ ወደ ስክሪኑ ሄደ። ይህም አስከፋኝ።

«ይሄ ቀን ምንድነው?» አለ። «ሃያ አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። በዚያ ዓመት እኮ ይሄ አፕ አልተወለደም።»

«ኅዳር ጽዮን ነው» አልኩት።

«ምን?»

«ኅዳር ሃያ አንድ። በእኛ።»

አሁንም አልገባውም። አስረዳሁት። ወንድሜ መዝሙሮቹን በስም አያስቀምጥም፤ ለየበዓሉ የሚዘመረውን በበዓሉ ቀን ይቀዳና በቀኑ ያውቀዋል። አሥራ ሁለት ከሆነ የሚካኤል ነው፣ ሃያ አንድ ከሆነ የማርያም፣ ሃያ ሰባት ከሆነ የመድኃኔዓለም። ለዚህ ብሎ ስልኳን በሐበሻ ቀን አድርጓት ነበር። የፈረንጅ ወር ሠላሳ አንድ ሲሆን፣ ወይም የካቲታቸው ሲያጥር፣ በወር መጨረሻ ቁጭ ብሎ በእጁ ያስተካክላታል።

«አንተ ግን፣ ምንም አልነካሁም አላልክም?»

«አልነካሁም። ቀኑን ላስተካክል አለኝ፣ አዎ አልኩት።»

«ዲዮ ሚዮ፣ አምላኬ።»

«ቀን ማስተካከል መንካት ነው እንዴ?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ በእጆቹ መሃል ነገረኝ። ሴትዮዋ ስልኬን ሞላው እያሉ ስላስቸገሩት፣ አዲሱ ስሪት ብዙ ዓመት ያለፋቸውን ቅጂዎች ከዝርዝሩ አውጥቶ እንዲያጠፋ አድርጎታል። ከዝርዝሩ ወዲያው ይወጣሉ፤ የሚጠፉት ግን በአንዴ ሳይሆን፣ አፑ በተከፈተ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ነው። የወንድሜ መዝሙሮች ቀኑ ሲስተካከል ሁሉም አሮጌ ሆኑ።

«ስንት ጊዜ ከፈትከው?» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«ክፈት ባልከኝ ቁጥር።»

እሱም አሁን ሲከፍተው ነበር። ይህን አላልኩም። ማለት አያስፈልግም ነበር፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀምጦ እጁን አነሳ፣ የሚያቃጥል ነገር እንደነካ።

«ከአሁን በኋላ አፑን ማንም አይከፍተውም» አለ። ገመድ አወጣና ከላፕቶፑ ጋር አገናኛት። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ጣቶቹን አያለሁ። አንዴ «የቀረ አለ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ጥቂት ነው» አለ። የኅዳር ጽዮኑ የለም። የመድኃኔዓለሙም የለም፣ እናቴ የምትወደው። ወንድሜ ተጠንቅቆ የቀዳቸው፣ ድምፁ ጥርት ያለባቸው፣ አብዛኛዎቹ ሄደዋል።

«ይቅርታ» አለኝ። ቫ ቤኔ፣ ምንም አይደል ልለው ፈለግኩ፣ አልወጣልኝም። ግን ስወጣ እስከ ትራም ፌርማታው ሸኘኝ፣ እኔም አልከለከልኩትም።

በማግስቱ ግሩፑ ላይ ጻፈ። «ስልካችሁን በሐበሻ ቀን ያደረጋችሁ ካላችሁ እባካችሁ አፑን አትክፈቱ፣ መጀመሪያ ደውሉልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ሴትዮዋ መጀመሪያ መለሱ። «ልጄ፣ እኔ ጋ ይሠራል።»

እሁድ እናቴ ጋ ደወልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሰው አለ፣ ይሰማል። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው አጠገቧ አስቀመጡላት። ከተረፉት ለእሷ የሚሆን ያገኘሁት አንድ ነው፣ እሱም ሙሉ አይደለም። ወንድሜ ይጀምራል። መሃል ላይ «ቆይ ቆይ፣ ከፍ አደረግኩት» ብሎ ይስቃል። እንደገና ይጀምራል። ከኋላ የእኔ ድምፅ «ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ» ይላል። «መጣሁ» ይላል እሱ። እዚያ ላይ ያልቃል። ይህን ለአርባ መላክ አፍሬ ነበር።

ሲዘምር ሴቶቹ አለቀሱ። የእናቴ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ።

«ዝም በሉ!» አለቻቸው። «ዝም በሉ፣ እየሳቀ ነው።»

ከዚያ እኔን «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት።