ጥላ ውስጥ የቀረው ዓይኔ

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ የሥዕል መምህር ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል አከራየሁት። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ መልክዎን ልሣል?» አለኝ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ የሚያሳየው ነው።

«ምነው? ጎንደር ቆንጆ አለቀ?»

«ቆንጆ አይደለም የምፈልገው።»

«ደግ፤ ነገርኸኝ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ሲፈለግ ለምን እንደሚፈለግ መጠየቅን ያለፈው ዘመን አስተምሮኛል። ብቻ እምቢ ብል ምክንያቱን ሳላውቅ ልቀር ነው ብዬ ተቀመጥሁለት።

መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠኝ። ያወጣው ቀለም ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ አፈርና ቀይ አፈር ብቻ ነበር።

«ሰማያዊ የለህም?»

«ለእርስዎ ፊት ይኸው ይበቃል።»

በቁሜ አፈር ሊያለብሰኝ ነው አልሁ በልቤ። ስነሣ ደግሞ ሸራውን በጨርቅ ይሸፍነዋል። ይሄም አላማረኝም።

አንድ ጠዋት ሊያስተምር ሲሄድ ገብቼ ጨርቁን ገለጥሁት። ክፍሉ የተልባ ዘይት ይሸታል። ግንባሬ ቀይ፣ ጉንጬ ዳማ፣ ቀለሙ እንደ ጭቃ ምርጊት ወፍሮ ተለጥፏል። ግራ ዓይኔ የለም። ቦታው ጥቁር ነው።

አባቴ የደብር አገልጋይ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ፊት አቁሞ፣ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ይሁዳ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አሳይቶኛል። የእኛ ደብር ሰው ይህን የማያውቅ የለም። አዳራሹ የሚሞላው ደግሞ በእነሱው ነው።

ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ምን ብበድልህ ነው ከይሁዳ ጋር የደመርኸኝ?»

ነገሩን ሳስረዳው ደነገጠ። «ጥላ እኮ ነው፣ እትዬ! ብርሃኑ በአንድ በኩል ስለሚመጣ ነው።»

«ጥላ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። የሚያየኝ ሰው በምን ያውቃል? ዓይኔን መልስ። አለዚያ ሥዕሉ ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

ይበላሻል ብሎ ተከራከረኝ። ወንበሩን ወደ ብርሃኑ አዙሬ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ብሩሹን አነሣ። ከዚያው ከቀዩና ከጥቁሩ ቀላቅሎ ከጥላው ውስጥ ዓይን አወጣ። ሲጨርስ ሸራውን ራሱ ወደ እኔ አዞረው።

ሁለቱም ዓይኖች ጠበብ ብለዋል። የሰው ኪስ ሊፈትሹ የተነሡ ይመስላሉ።

«እንዲህ ነው የማይህ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

ሥዕሉን ዳግም አየሁት። ሐሰት አላገኘሁበትም።

«ሲደርቅ ውሰደው» አልሁት። «ስሜን ግን ከሥሩ እንዳትጽፍ።»