የቆላ እንጨት ሻጩ

ዓሣ ጠባሿ ሂዳያ ሐይቁ ዳር ወንበር የሚሸጠውን ሰውዬ በስም አታውቀውም፤ ምላሱን ግን አሳምራ ታውቀዋለች። ነጭ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ረጅሙን አግዳሚ ወንበር መንገደኛ ፊት በጣቱ ያንኳኳል።

«ወላሂ፣ የሩቅ ቆላ እንጨት ነው! ዝናብ አያበሰብሰው፣ ምስጥ አይደፍረው!»

ቀጣፊ! በተቃጠለ የሞተር ዘይት የጠቆረ ባሕር ዛፍ ነው እንጂ። ደግሞ ያ አጉል ትሕትናው! ሰው ሲሰናበት እንኳ ጀርባውን ላለመስጠት የኋሊት ነው የሚሄደው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ካመኑበት እስቲ ይቀመጡበት» አለችው አንድ ቀን።

«እሱ ለደንበኛ ነው፤ ለእኔ ድንጋይ ይበቃኛል» አለ ኮራ ብሎ።

ይሄኔ ነፋስ ባርኔጣውን ነጠቀውና ሊይዘው ዞሮ ሮጠ። ከትከሻው እስከ ተረከዙ ጥቁር ዘይት በወንበሩ ጣውላዎች ልክ ታትሞበታል። ለካ የሚያድረው እዚያው ወንበሩ ላይ ኖሯል።