ለሳጅኑ ያልተረጎምኩለት አረብኛ

የወሰዱኝ ጠዋት ነው፤ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ወጥቼ ሰንጋ ተራ ወዳለው ቢሮዬ ለመሄድ ታክሲ ስጠብቅ። ፌስቡክ ላይ የጻፍኩትን አንድ ጽሑፍ አንስተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ እርጥብ ፍራሽ፣ ካልሲ፣ የብርቱካን ልጣጭ።

መኝታ የሰጡኝ ካቦው ናቸው። ካቦ እስረኛው ራሱ የሚመርጠው የክፍሉ አለቃ ነው፤ የእኛው ጸጉራቸው የሸበተ ነጋዴ ነበሩ። ቦታዬ ከአንድ ሱዳናዊ አጠገብ ሆነ። ጦርነት ሸሽቶ የመጣ መካኒክ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት ተያዘ። አማርኛ አያውቅም።

በጥየቃ ቀን ሚስቱ ምግብ ይዛለት መጣች። ነፍሰ ጡር ናት፤ መውለጃዋ ተቃርቧል። ገና አፏን ስትከፍት ተረኛው ሳጅን አስቆማት። ጠያቂና እስረኛ ማውራት የሚችሉት ፖሊሱ በሚሰማው ቋንቋ ብቻ ነው። ሰውዬው ምግቡን ይዞ ተመለሰና ሳይቀምሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደህና ትሁን አትሁን፣ ማን አብሯት እንዳለ፣ ምንም ሳያውቅ ቀረ።

ካቦው አላስቻላቸውም። ሳጅኑን በር ላይ ጠሩት።

«ይሄ ልጅ አረብኛ ያውቃል» አሉት፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «በሚቀጥለው ጥየቃ አብሯቸው ይቁምና ያሉትን ለአንተ በአማርኛ ይንገርህ።»

«ታውቃለህ?» አለኝ ሳጅኑ።

«እሞክራለሁ» አልኩ። ከ«ሰላም አለይኩም» በቀር አንድ ቃል አላውቅም ነበር።

ሳጅኑ ሲሄድ «ጋሼ፣ ምን ጉድ ውስጥ ከተቱኝ?» አልኳቸው።

«ተማራ! እዚህ ምን ሥራ አለህ?»

ሥራስ አልነበረኝም። ነገሩን በምልክት ስናስረዳው ሱዳናዊው ተነስቶ ቁጭ አለና ማስተማር ጀመረ። እኔ የቸኮልኩት የሚጠቅሙትን ቃላት ለመያዝ ነው፤ ሐኪም፣ ሆድ፣ የቤት ኪራይ። እሱ ግን ሰላምታውን ሳልጨርስ ወደ ሌላ አያልፍም። «ኬፍ አስበሕታ?» ይላል፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። ከዚያ እናትህ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ። ከሽንት ቤት በተመለስኩ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀመራል። የእናቱን ደህንነት ሳልጠይቅ ውሃ ብለምነው አይሰጠኝም። ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ እምቢ ሲለኝ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ መሆኔ አናዶኝ ተጠቅልዬ ስተኛ፣ ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጎ ያስነሳኛል።

ሴትየዋ ስትመጣ ከሱዳናዊው አጠገብ ቆምኩ። ሰላምታ ጀመሩ። አላለቀም።

«ምን እያሉ ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ሰላም እየተባባሉ ነው።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን፣ ሳጅን።»

ከዚያ ሐኪም ጋ መሄዷን ነገረችው፤ ልጁ ደህና ነው። ቤት ያከራየቻት የወሎ ሴትዮ እንደ እናት ሆናላታለች። እየተንተባተብኩም ቢሆን አንድ በአንድ ለሳጅኑ ነገርኩት። ሱዳናዊው አልሐምዱሊላህ እያለ ከእሷ የሚለየውን አጥር ያዘ።

ሰዓት ደርሶ ስትሰናበተው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር አለችው። እሱ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

ገባኝ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ በልቤ ወደ አማርኛ ሳልመልሰው ገባኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

«ምን አለችው?» አለ ሳጅኑ።

«እሱን ገና አልተማርኩትም» አልኩት።

አተኩሮ አየኝ። «አሁን ይሄ አስተርጓሚ ተብሎ ነው!» አለ ጠያቂው ሁሉ እየሰማ፤ ሰዉ ሳቀብኝ። ሱዳናዊው ብቻ አልሳቀም። ወደ ክፍሉ ስንመለስ ከፊቴ ተራመደና በሩ ላይ ቆሞ ቀድሜ እንድገባ አሳለፈኝ።

እሱ ከእኔ በፊት ተፈታ፤ ዳግም አልተገናኘንም። ዛሬ የምኖረው እዚያው ኮንዶሚኒየም ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱዳኖች ሲያወሩ ስሰማ እርምጃዬን አዘገያለሁ፤ ብዙው ግን ጠፍቶብኛል። ያቺ ንግግር አልጠፋችም።

ባለቤቴ ሴትየዋ ምን እንዳለችው አንዳንዴ ትጠይቀኛለች። «እኔ እኮ ሳጅን አይደለሁም» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እሷን አልዋሻትም። ግን አልነግራትም። የተባለው ለእሱ ነው።