ጫማቸውን አላወልቅ ያሉት እንግዳ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ ቢቸና ሳለሁ ነው። ዛሬም ጫማውን ማውለቅ የማይወድ እንግዳ ቤቴ ሲገባ ትዝ ይለኛል።

ታላቋን ልጄን ለአንድ የሞጣ ጎልማሳ ጠይቀውን ነገሩ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ልጄም ወድዳዋለች። አንድ ቀን ግን የጎልማሳው አጎት አያ ውበቱ ዘራችንን ሊያጣሩ መጥተው ጎረቤት ለጎረቤት ሲጠይቁ መዋላቸውን ሰማሁ። ታናሽ ወንድሜ አለምነው ዝሆኔ ይዞት እግሩ አብጦ ነበርና ደነገጥሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብተው ሽማግሌዎቻችን ባሉበት፣ “ከዝሆኔ ዘር አንጋባም” አሉ።

“ዘር ከሆነ እኔስ ከዚያችው እናት አይደል የተወለድሁት? እሱን ያሳበጠው ዕድሜውን በባዶ እግሩ ያረሰው ቀይ አፈር ነው” አልኋቸው።

“አፈር ከሆነ ጎረቤቱ አብሮት ያርስ የለ? እሱን ምነው ማረው?”

ልጄ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል።

ያኔ አንድ ነገር ከነከነኝ። ከሞጣ በበቅሎ የመጣ እንግዳ እግሩን ይታጠባል፤ እሳቸው ግን ከመጡ ጀምሮ “አልደከመኝም” እያሉ ያንን ሰፊ ሸራ ጫማቸውን አላወለቁም። ውሃ አሙቄ ገበቴውን ፊታቸው አስቀመጥሁ።

“ኧረ ተይ፣ አንቺ ሴት!”

“የእኔን አጥንት ሲቆጥሩ ውለው እግርዎን ከእኔ ይደብቃሉ? ፍርድ እኩል ነው፤ ያውልቁ!”

ሽማግሌዎቹም “እውነቷን ነው” አሉ። አወለቁ። የግራ እግራቸው ጣቶች አብጠዋል፤ ቆዳው ሻክሯል። እኔም ጎንበስ ብዬ አጠብኋቸው።

“ጫማውን የገዛሁት ካበጠኝ በኋላ ነው፤ ለመሸፈኛ” አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

“እንግዲያው ጥሎሹ ላይ ለልጄ ጫማ ይጨመር። የሚወለዱትም ሳያብጣቸው ያድርጉ” አልሁ።

አንዱ ሽማግሌ “ይህችስ ዳኛ ናት!” ብለው ሳቁ። ሰርጉ ተደገሰ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት የጤና ባለሙያ ጠየቅሁ። ለካ እኔና አያ ውበቱ እውነቱን ግማሽ ግማሽ ይዘን ኖሯል የተከራከርነው። ያንን አፈር የማይችል ገላ ከወላጅ ይወረሳል፤ አፈሩን በባዶ እግር ካልረገጡት ግን በሽታው አይነሳም አለችኝ። የጎረቤታችን ገላ አፈሩን ችሎ ነበር ማለት ነው።

የልጅ ልጆቼ ያንን ገላ ከሁለት ወገን ወርሰው ይሆናል። ጫማስ አላቸው። ነገር ግን ከጓሮ ሲመለሱ ጫማው ንጹሕ ሆኖ እግራቸው በአፈር ከቀላ፣ ምለው ቢገዘቱ አላምናቸውም፤ ገበቴውን አወጣለሁ።