የአንድ ሰው ሳህን በሸቤ

ሐሙስ፣ ከጅማ ወደ አሰንዳቦ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከጅማ መናኸሪያ ተነሣን። ሥራው የወንድሜ ልጅ የሕይወት ነው። እኔ የሄድኩት ሴቶቹ ከልጅ ይልቅ ለትልቅ ሰው ይመልሳሉ ብላ ስለለመነችኝ ነው። ሕይወት የሥነ ምግብ ተማሪ ናት። ሰው በቀን ምን እና ምን ያህል እንደሚበላ የሚጠይቅ ከውጭ አገር የመጣ ቅጽ ሰጥተዋታል፤ ለእኛ አገር ሰው እንዲስማማ ማስተካከል የመመረቂያ ሥራዋ ነው። አጃውንና የታሸገውን አይብ አውጥታ ጎደሬና ቆጮ አስገብታለች። ሰኞ ለመምህሮቿ ታቀርባለች። ካልተቀበሏት ምረቃዋ አንድ ዓመት ይገፋል።

ከቅጹ ጋር የፎቶ ደብተር አለ። በነጭ ሳህን ላይ ምግብ ከትንሽ እስከ ትልቅ በአራት መጠን ተነሥቷል። ተጠያቂው የበላውን ያህል በጣቱ ያሳያል።

መንገዱ ደህና ነበር፤ የግልገል ጊቤ ውሃ ከሩቅ ያበራል። አሰንዳቦ ስድስት ሴቶችን ጠየቅን። ስድስቱም ትንሹን ሳህን ነኩ። አንዷ የሻይ ቤት ባለቤት ናት፤ ወንበሯን ሞልታ ተቀምጣ፣ ግማሽ አምባሻ ለእኛ ቆርሳ፣ ትንሹን ነካች።

ስንመለስ ሕይወት፣ «አክስቴ፣ በዚህ ወረቀት ከሄድን አሰንዳቦ በረሃብ አልቃለች» አለችኝ። ሳቅን። የእሷ ሳቅ ግን አልቆየም።

ዓርብ፣ ሸቤ

ወደ ሸቤ መንገዱ ጫካ ለጫካ ይወርዳል። ቀይ ቡና በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። የአካባቢው የጤና ሠራተኛ ወደ ወይዘሮ ከድጃ ቤት መራችን። ቡና አምራች ናቸው፣ ጨዋታ አዋቂም ናቸው። «አካም ጅርቱ፣ ግቡ፣ ግቡ» ብለው ተቀበሉን።

ደብተሩን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ ሰው ከማን ተኳርፎ ነው ለብቻው የሚበላው?»

«አልተኳረፈም እኮ» አለች ሕይወት። «መጠኑን ለማሳየት ነው።»

«ታዲያ ቤተሰብ የለውም? ሚስኪን!»

ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ ለብቻዬ ነው የምበላው። ይህን አልነገርኳቸውም።

ወይዘሮ ከድጃም ትንሹን ሳህን ነኩ። «ትልቁስ?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ በእንግዳ ፊት ትልቁን ነክቼ ሆዳም ልባል?»

ስድስት ሰዓት አለፈ። አባትና ወንድ ልጅ ለጁምዓ መስጊድ ሄደዋል። የበቆሎ እንጀራ በጎመንና በአይብ በሰፊ ትሪ ቀረበ። ለእኔና ለሕይወት ደግሞ የተቀቀለ ጎደሬ ለብቻው መጣ። «ቅቤ አልነካውም። ዓርብ መሆኑን መቼ አጣሁት» አሉኝ ወይዘሮ ከድጃ።

ሕይወት ሚዛኗን ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል እጇን ያዝኳት። ሰው ሊቆርስ ሲል ምግቡ አይመዘንም።

ከመጀመራችን በፊት የቤቱ ልጅ ፎዚያ ሁለት ሳህን አምጥታ ለቀሩት ድርሻ አስቀመጠች። ማንንም አልጠየቀችም። የአንዱ አነስ፣ የሌላው ከፍ ያለ ነበር።

«በምን አወቅሽው?» አልኳት።

«የአባባ ይኼው ነው። ወንድሜ ግን ቡና ሲለቅም ስለሚውል ይጨምራል።»

ትንሽ አሰብኩና፣ «እናትሽ ሰርግ ሄደው ቢሆንስ ኖሮ? እስቲ ለእሳቸው አስቀምጪ» አልኳት።

ፎዚያ ሦስተኛ ሳህን አምጥታ ትከምር ጀመር።

«ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ልታዋርደኝ ነው!» አሉ እናት።

«ውሸት ነው እማ?»

«ውሸትስ አይደለም» አሉና ከሁሉም ቀድመው ሳቁ።

ሕይወት መብላቷን ትታ ትጽፋለች። ከምሳ በኋላ የቤቱን እመቤት አስፈቅዳ ሦስቱን ሳህኖች ጓዳ ውስጥ መዘነች።

ቅዳሜ፣ እንደገና አሰንዳቦ

አዲሱን ጥያቄ ይዘን ወደዚያው ሻይ ቤት ሄድን። ባለቤቷን ሳይሆን ልጇን ጠየቅናት፦ «እናትሽ ከገበታ ቢቀሩ ምን ያህል ታስቀምጪላቸዋለሽ?» ልጅቱ አራተኛውን ሳህን ነካች። እናቷ ማማሰያ ይዛ ተነሣችባት፤ ግን «አይ፣ አልበላውም» አላለችም። በሌሎቹ አምስት ቤቶችም አንድም ሰው ትንሹን አልነካም። ሕይወት መኪና ውስጥ እስከ ጅማ ስታንጎራጉር መጣች።

ማታ ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ ዘነበች በክዳን የተሸፈነ ሳህን ይዛ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። የሽሮ ፍትፍት ነው። «ደክሟት ትመጣለች ብዬ አስቀመጥኩልሽ» አለችኝ። ክዳኑን ስከፍተው ሞልቶ ነበር። ሁልጊዜ ይበዛብኛል እላታለሁ። ጨረስኩት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ እንደሚያሳንስ፣ የሚያስቀምጥለት ግን ልኩን እንደሚያውቅ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ሕይወት ደወለች። ተቀብለዋታል። ከፎቶዎቹ በፊት «የፎዚያ ጥያቄ» ያልነው እንዲገባ ተስማምተዋል። እየጮኸች ከነገረችኝ በኋላ፣ «እርስዎስ አክስቴ? ከአራቱ የትኛው ነው የእርስዎ?» አለችኝ።

የዘነበችን ሳህን አጥቤ ልመልስላት ይዤው ቆሜ ነበር።

«አራተኛው» አልኳት።